ሰባት ምስክሮች፣ አንድ እጅ፦ የድሮ ፊርማ ምን ይነግራል፣ ምን አይነግርም?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። «ፒያሳና አራት ኪሎ ያደግን ጓደኛሞች ነን። ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የአንዱ ጓደኛችን አያት ይዘውት በወጡት ሣጥን ውስጥ የድሮ ወረቀቶች አገኘን። አንዱ የቦታ ሽያጭ ውል ነው። ዓመተ ምሕረቱ ፲፱፻፲፮ ይሁን ፲፱፻፲፯ አልለየንም። ‹በዘመነ ማቴዎስ› ይላል። ከታች የሰባት ምስክሮች ፊርማ አለ፤ ግን ሰባቱም በአንድ እጅ የተጻፉ ይመስላሉ። ሌላው ከ1948 እስከ 1976 ዓ.ም የተያዘ የእድር መዝገብ ነው። ብዙ ሰው የፈረመበት፣ ለማዘጋጃ ቤት የተጻፈ አቤቱታም አለ። በፊርማዎቹ የሰፈራችንን ታሪክ መጻፍ እንፈልጋለን። ውሉ ፎርጅድ ነው? ፊርማ የሚያመሳክር አፕ አለ? የሰውን ባሕርይ ከፊርማው ማወቅ ይቻላል? ወረቀቶቹን ቴሌግራም ላይ ብንለቃቸውስ?»

ፎርጅድ ነው ያላችሁበት ምክንያት አያስኬድም። በዚያ ዘመን ውል የሚጽፈው ጸሐፊ ነው። ሻጭና ገዢ ይናገራሉ፣ ምስክሮች ቆመው ይሰማሉ፣ ጸሐፊው ደግሞ ሁሉንም ያሰፍራል። የምስክሮቹን ስም የሚጽፈውም እሱ ነው። ስለዚህ እናንተ «ሰባት ፊርማ» ያላችሁት ፊርማ አይደለም፤ የስም ዝርዝር ነው። እንዲያውም በዚያን ጊዜ የሰፈር ውል ላይ ሰባት ምስክር በሰባት የተለያየ እጅ አሳምሮ ፈርሞ ባገኝ ወረቀቱን ይበልጥ ጠርጥሬ ነበር የማየው። ውሉን ያጸናው የነበረው የእጅ ጽሑፍ ሳይሆን ሰዎቹ በቦታው መገኘታቸው ነው። ክርክር ሲነሳ ሰዎቹ ተጠርተው በቃላቸው ይመሰክራሉ።

ሌላም ዕድል አለ። የያዛችሁት ግልባጭ ሊሆን ይችላል። ፎቶ ኮፒ ባልነበረበት ዘመን ዋናው መዝገብ ላይ ይቀርና ባለጉዳዩ በእጅ የተገለበጠ ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ግልባጭ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ እጅ መጻፉ ግድ ነው። ከላይ ወይም ከጀርባው «ግልባጭ» የሚል ቃል፣ የመዝገብ ቁጥር ወይም ገጽ ካለ ፈልጉ። ጀርባውን ሳያይ ወረቀት የሚመልስ ሰው ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዋናው መረጃ ያለው እዚያ ነው።

በአንድ እጅ መጻፉ ግን እውነተኛነቱን አያረጋግጥም። ለሱ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ከዓመቱ እንጀምር። የግዕዝ ፮ እና ፯ በእጅ ጽሑፍ ሲቸኮልባቸው ይመሳሰላሉ። እናንተ ዘንድ ግን መፍትሔው ራሱ ወረቀቱ ላይ አለ። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍሉት። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ ነው፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 1916 ለአራት እኩል ይካፈላል፤ ዘመነ ዮሐንስ ነው። 1917 አንድ ይተርፈዋል፤ ዘመነ ማቴዎስ። ስለዚህ ውላችሁ የ1917 ነው። ቁጥርና ወንጌላዊ የማይገጥሙበት ወረቀት ካጋጠማችሁ ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል፣ ወይ ቀኑን በኋላ ሌላ ሰው ነካክቶታል።

ቀጥሎ ቃላቱን አንብቡ። የ1917 ውል «ፒያሳ» ካለ ችግር አለ። ያ ስም የመጣው ከጣሊያን ጋር ነው፤ በዚያን ጊዜ ቦታው አራዳ ነበር። ዛሬ በምናውቀው የአስተዳደር ትርጉም «ቀበሌ» የሚል ካገኛችሁ ደግሞ ወረቀቱ ከ1967 በኋላ የተጻፈ ነው። ማዕረግም እንዲሁ ያጋልጣል። ተፈሪ መኰንን እስከ 1921 መጀመሪያ ድረስ ራስና አልጋ ወራሽ ናቸው። በ1921 ንጉሥ ተባሉ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ ሲጭኑ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆኑ። በ1917 ውል ውስጥ «ንጉሥ ተፈሪ» የሚል ሐረግ ሊኖር አይችልም። ከላይ መጠቀስ ያለባቸው ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ናቸው። ይህን የመሰለ ምርመራ ላብራቶሪ አይፈልግም። ማንበብ ብቻ ነው።

ቀለሙንም እዩ። የብራና ጸሐፊዎች የለመዱት ከጥላሸት የሚሠራ ቀለም ነው፤ ጥቁረቱ ከዘመን ጋር ብዙም አይቀየርም። በወረቀት ላይ ደግሞ በውጭ አገር ቀለምና በብረት ጫፍ ብዕር የተጻፈ ብዙ ታገኛላችሁ። እሱ ብዙ ጊዜ ወደ ቡናማ ይሄዳል። በእስክሪብቶ የተፈረመ የ1917 ውል ግን የለም። እስክሪብቶ ለገበያ የበቃው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ ጀምሮ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ዋናው ጽሑፍ የ1917 ሆኖ ዳር ላይ በእስክሪብቶ የተጨመረ ነገር ሊኖር ይችላል። ያ ወረቀቱን ሐሰት አያደርገውም። በኋላ አንድ ወራሽ ወይም ነገረ ፈጅ ያሰፈረው ማስታወሻ ይሆናል፤ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ማኅተም ካለበት ከፊርማ በላይ ዋጋ ስጡት። ባለሥልጣንና መኳንንት ሐሳባቸውን የሚያጸኑት በማኅተም ነበር። የነገሥታት ማኅተም ከደብዳቤው አናት ላይ ነው የሚያርፈው። «ፊርማው የታለ?» ብላችሁ ግርጌውን ብትፈልጉ አታገኙም። ከነጻነት በኋላም በ1934 በተጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ በወጡ አዋጆች ግርጌ የምታዩት ስም የንጉሡ ሳይሆን የጽሕፈት ሚኒስትሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፀሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። ማኅተም ግን የሰው እጅ አይደለም፤ ያዥ አለው። ያዡም የሚያትመው ታዝዞ ነው። «ደጃዝማቹ ይህን ወረቀት አይተዋል» ለማለት ማኅተማቸው ብቻውን አይበቃም። ጉዳዩ በስማቸው መከናወኑን ብቻ ነው የሚያሳየው።

አሁን ወደ ስሞቹ። ብዙ ወጣት ተመራማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም። የራስና የአባት ስም አንድ የሆነባቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ሰፈር መኖራቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ ያለው ስም እድር መዝገቡ ላይ ቢደገም «አገኘነው!» ብላችሁ አትጩኹ። በሁለቱ መካከል ከሠላሳ ዓመት በላይ አለ። አያት ምስክር ሆኖ፣ በአያቱ ስም የተሰየመ የልጅ ልጅ እድርተኛ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ አንዱ ሰው ሁለት መስሎ ይቀርባችኋል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በልጅነታቸው በ1860 ከመቅደላ በእንግሊዞች ተወስደው ህንድ አገር ያደጉ ናቸው። በእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ ቻርልስ ማርቲን ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለት ሐኪም ቆጥሮ ያልፋል። ኅሩይ ወልደ ሥላሴም አንዱ ወረቀት ላይ ብላታ፣ ሌላው ላይ ብላቴን ጌታ ሆነው ይመጣሉ። ማዕረግ ሰውን አይለያየውም፤ ወረቀቱን ግን በጊዜ ቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ይጠቅማል። የሹመት ዜና ለማመሳከር በ1917 መታተም የጀመረው ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ፣ ከ1933 ወዲህ ደግሞ አዲስ ዘመን አለላችሁ።

የፊደሉ ጣጣም አለ። አንዱ ጸሐፊ በ«ሀ»፣ ሌላው በ«ኃ» ይጽፋል። ሠራዊትና ሰራዊት፣ ፀጋና ጸጋ እንዲሁ። «ወልደ» የሚለው «ወ/» ሆኖ ያጥራል። በኮምፒውተር ዝርዝር ስትሠሩ በወረቀቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ እንዳለ በአንድ ዓምድ አስፍሩ። በሌላ ዓምድ አንድ ወጥ አጻጻፍ አድርጉለት። ይህን ካላደረጋችሁ ፍለጋችሁ ግማሹን ሰው ይደብቅባችኋል።

የአራዳ ነገር ደግሞ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ነጋዴው አርመን ነው፣ ግሪክ ነው፣ ህንድ ነው፣ የመናዊ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 በአውሮፓ ጉዟቸው ወቅት ኢየሩሳሌም ያገኟቸው፣ ሙዚቀኛ ሆነው የመጡት «አርባ ልጆች»ም አርመኖች ናቸው። ስለዚህ የኪራይ ደረሰኝ ላይ የማታውቁት ጭረት ብታዩ «ዝም ብሎ የተሞነጫጨረ» ብላችሁ አትለፉት። የአርመን ፊደል ወይም ዓረብኛ ሊሆን ይችላል። ጥርት አድርጋችሁ ፎቶ አንሱና ቋንቋውን የሚያነብ ሰው ፈልጉ።

እናንተ ትልቁን ቦታ የሰጣችሁት ለውሉ ነው፤ ይገባኛል፣ ዕድሜው ያጓጓል። የሰፈር ታሪክ መጻፍ ከፈለጋችሁ ግን ሀብታችሁ የእድር መዝገቡ ነው። ውሉ አንድን ቀንና ጥቂት ሰዎችን ያሳያል። እድሩ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሰው በየወሩ ይቆጥራል። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ሞተ፣ ለቀብር ስንት ተከፈለ፣ ገንዘቡን ማን ተቀበለ። ባል ሲሞት ቦታውን ሚስቱ ትይዝና ስሟ ከዚያ ወር ጀምሮ ብቅ ይላል። በውልና በአቤቱታ የማታገኟቸውን ሴቶች እዚህ ታገኟቸዋላችሁ። የዳኛው፣ የጸሐፊውና የገንዘብ ያዡ ፊርማ በየስብሰባው ስለሚደጋገም የአንድ ሰው እጅ በዓመታት ውስጥ እንዴት እንደሚቀየር ለማየትም ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። እጅ ያረጃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ፊርማም ያጥራል። ጸሐፊ ሲቀየርም የሒሳብ አያያዙ ሁሉ ይቀየራል።

የጣት አሻራውን አትዝለሉት። መጻፍ የማይችለው ሰው በሐምራዊ ቀለም አውራ ጣቱን ያሳርፋል፤ ጸሐፊው ከጎኑ ስሙን ይጽፍለታል። የእናንተ መዝገብ እስከ 1976 ስለሚዘልቅ አንድ የሚያምር ነገር ልታዩበት ትችላላችሁ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ነው። ከዚያ በፊት በአሻራ ይቀበሉ የነበሩ ሰዎች ከዚያ በኋላ በተንቀጠቀጠ ትልልቅ ፊደል ስማቸውን መጻፍ ጀምረው እንደሆነ ተከታተሉ። አንድ ሰው እንኳ ብታገኙ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል። ከ1966 እስከ 1968 ያሉትን ገጾችም በጥንቃቄ አንብቡ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጓል። ትርፍ ቤት የነበረው ትርፉን አጥቷል፣ ተከራይ ከነበረው ብዙው የቀበሌ ቤት ነዋሪ ሆኗል። ይህ ለውጥ እድር ውስጥ ምን እንዳመጣ፣ ወይም ምንም እንዳላመጣ፣ መዝገቡ ይናገራል።

ሣጥኑ ውስጥ ከ1952 በኋላ የተጻፈ ሌላ ውል ካለ ደግሞ ሕጉ ተቀይሯል። በዚያ ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል በተዋዋዮቹ እንዲፈረምና በሁለት ምስክር እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የማያነብ ወይም የማያይ ሰው አሻራ ብቻውን አያስገድደውም። ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ማረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ከዚህ ዘመን የሆነ አሻራ ያለበት ውል ካያችሁ ከአጠገቡ የሹም ፊርማና ማኅተም ፈልጉ። እዚህ ላይ በእርግጥ ፊርማ ፊርማ ይሆናል።

አቤቱታውን በተመለከተ ብዙ አልልም። የፈረመ ሁሉ ደግፏል ማለት አይደለም። ቤት ለቤት እየዞሩ ማስፈረም ያኔም ነበረ፤ ጎረቤትን ላለማስቀየም የሚፈርም ያኔም ነበረ። ከይዘቱ ይልቅ ቅደም ተከተሉን እዩ፤ መጀመሪያ የፈረሙት ብዙ ጊዜ ነገሩን የጠነሰሱት ናቸው። በአንድ እጅ የተጻፉ ተከታታይ ስሞች ካሉ አንድ ሰው ለቤተሰቡ በሙሉ ፈርሞ ሊሆን ይችላል።

አፕ ለተባለው፦ ተዉት። ፊርማን ማነጻጸር ቢያንስ ቀናቸው የታወቀ በርከት ያሉ ናሙናዎች ይፈልጋል። ማንም ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይፈርምም። ሁለት ፊርማ ፍጹም ከገጠሙ እንዲያውም አንዱ ከሌላው ላይ ተቀድቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። አንዲት ፊርማ ይዞ «የሱ ናት» ወይም «አይደለችም» የሚል መሣሪያ ላይ ታሪክ አይገነባም። ባሕርይን ከፊርማ ማንበብ ደግሞ ጨዋታ ነው። ፊርማው ትልቅ ስለሆነ ኩሩ ነበር፣ ወደ ላይ ስለወጣ ተስፈኛ ነበር የሚለውን ለሻይ ሰዓት አቆዩት። ከፊርማ በደህና የምትወስዱት ሰውየው በየትኛው ፊደል መጻፍ እንደተማረ፣ ብዕር መያዝ የለመደ መሆን አለመሆኑን፣ ራሱን በምን ማዕረግ እንደሚጠራ ነው። እሱም ትንሽ አይደለም።

ያላገኛችሁት ነገር ሁሉ አልነበረም ማለት እንዳልሆነም ያዙ። ሚያዝያ 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ከከተማ ከወጡ በኋላ ጣሊያን እስኪገባ ድረስ አዲስ አበባ ተዘርፋለች፣ ተቃጥላለች። በየካቲት 12 ቀን 1929ኙ ጭፍጨፋ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ነደዋል፤ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም እሳት ተለኩሶበታል። ከ1928 በፊት ያለው የአራዳ ወረቀት የሳሳው በከፊል በዚህ ነው። ስለዚህ «በ1917 በሰፈሩ ሰባት ታዋቂ ሰዎች ነበሩ» ብላችሁ አትጻፉ። ያላችሁ ከአንድ ሣጥን የተረፈ አንድ ወረቀት ነው።

ለማመሳከር ከእናንተ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለ። ከዩኒቨርሲቲያችሁ ወይም ከወረዳችሁ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። ስትጠይቁም «የሰፈራችን ታሪክ» አትበሉ፤ ማንም አይረዳችሁም። ዓመት፣ የሰው ስም ከነማዕረጉ፣ የቦታውን የድሮ ስም ይዛችሁ ጠይቁ። ሽማግሌዎችን ስታነጋግሩ ደግሞ «ይሄ የቀኛዝማች እገሌ ፊርማ ነው አይደል?» ብላችሁ አፋቸው ላይ መልስ አታስቀምጡ። ወረቀቱን አሳዩና ዝም በሉ።

ወረቀቱን በስኮች አትለጥፉ። ላሚኔት ደግሞ ፈጽሞ አታድርጉ፤ ሙቀቱና ፕላስቲኩ የማይመለስ ጉዳት ያደርሳሉ። የታጠፈውን በኃይል አትዘርጉ። በንጹሕ እጅ ይዛችሁ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሱ። የደበዘዘ ጽሑፍ ካለ ብርሃኑን ከጎን አስገቡለት፤ የብዕሩ ጫፍ የተጫነበት ቦታ ይታያል።

ቴሌግራም ላይ መልቀቁን አልደግፍም። መሃል ከተማ ላይ የቦታ ወረቀት ማለት ዛሬም ገንዘብ ነው። ጥርት ያለ የፊርማና የማኅተም ፎቶ ለአጭበርባሪ የተዘጋጀ ናሙና ነው። የእድር መዝገቡ ላይ ያሉት ሰዎች ልጆች ደግሞ በሕይወት አሉ። አባታቸው መዋጮ ሳይከፍሉ መቅረታቸውን ወይም በአሻራ መፈረማቸውን ከቻናል ላይ እንዲያነቡ ማድረግ ነውር ነው። ጽሑፋችሁን ልቀቁ። ምስል ካስፈለገ ከገጹ ላይ ቆርጣችሁ፣ ፊርማውንና የቦታውን መለያ ሸፍናችሁ፣ ቤተሰቡን አስፈቅዳችሁ ይሁን።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ውሉን ፎቶ አንስታችሁ፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ወደ ሣጥኑ መልሱት። ሥራችሁን በእድር መዝገቡ ጀምሩ። ለእያንዳንዱ ስም አንድ መስመር ስጡት፦ ቀን፣ አጻጻፍ፣ ማዕረግ፣ በምን ሚና እንደቀረበ፣ በራሱ እጅ ፈረመ ወይስ ተጻፈለት ወይስ በአሻራ። ሚናውን ሳትጽፉ ስም ብቻ ከሰበሰባችሁ ድካማችሁ ከንቱ ነው፤ ዋስና ባለዕዳ፣ ሻጭና ምስክር አንድ ላይ ይደባለቁባችኋል። መዝገቡን ስትጨርሱ ወደ አቤቱታው ሂዱ። ወደ ውሉ መጨረሻ ላይ ትመለሳላችሁ፤ ያኔ ከሰባቱ ስሞች የትኛው ቤተሰብ በሰፈሩ እንደቆየ ለመጠየቅ የሚያስችል ዝርዝር ይኖራችኋል።

የጓደኛችሁ አያት ልጆች ውሉን ለካሳ ወይም ለምትክ ቦታ ክርክር ማስረጃ እናድርገው ካሉ እናንተ አትግቡበት። ከ1967 ወዲህ የ1917 ሽያጭ ብቻውን የቦታ ባለቤት አያደርግም። የካሳ መብት ካላቸውም የሚታየው በሌላ ሰነድ ነው፤ ለሱ ጠበቃ አለ። ከእናንተ «ውሉ እውነተኛ ነው» የሚል የተፈረመ ወረቀት ቢጠየቅ አትስጡ።